በየትኛው ሚዛን? የልጅ ዕድገት ጥናቶችና የሐይቅ አምባሰል ልጆች

ማሽላው ፍሬ በያዘበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በየማሳው ውስጥ የእንጨት ማማዎች ይቆማሉ። ማማው ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። ወንጭፉን ይዞ ወፍ ይጠብቃል። መንጋው ከየት እንደሚነሣ፣ ፀሐይ ስትበረታ የት እንደሚያርፍ፣ ጎረቤት ሲጮህ ወደ ማን ማሳ እንደሚዞር ያውቃል። ከአጎራባች ማማው ልጅ ጋር ተራ ይገባል፤ ይጣላል፤ ይታረቃል። ይኸው ልጅ መጠይቅ የያዘ ሰው መጥቶ አራት ሥዕል ደርድሮ «ይህን የሚያሳየው የትኛው ነው?» ሲለው ዝም ሊል ይችላል። ዝምታው አለማወቅ ተብሎ ይመዘገባል።

ስለ ልጆች አእምሮና ማኅበራዊ ዕድገት ላለፉት መቶ ዓመታት ከተጻፈው አብዛኛው ይህን ልጅ ሳያይ የተጻፈ ነው። ጄፍሪ አርኔት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሩን ዋና ዋና የሥነ ልቦና መጽሔቶች መርምሮ፣ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው በኢንዱስትሪ ከበለጸጉ ምዕራባውያን አገሮች የመጡ መሆናቸውን አሳየ። እነዚያ አገሮች ከዓለም ሕዝብ የያዙት 12 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ «ልጅ በአራት ዓመቱ ይህን ያስባል፣ በሰባት ዓመቱ ያን ይረዳል» የሚለው ብዙ ዓረፍተ ነገር መነሻው የቦስተን ወይም የጄኔቫ ልጅ ነው።

ይህ ማለት ግን ጥናቱ ሁሉ ለእኛ አይረባም ማለት አይደለም። እንዲያ የሚሉ ሰዎች ያሳስቡኛል፤ ምክንያቱም ረኃብና ጦርነት በልጅ አካልና አእምሮ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ቆጥሮ ያስቀመጠልን ይኸው ሳይንስ ነው፤ ከተቆጠሩትም መካከል የእኛው አገር ልጆች አሉ። ሚዛኑ የአምባሰልን ልጅ አሳንሶ ማየቱም እውነት ነው፤ የአምባሰል ልጅ በእርግጥ የተነጠቀው ነገር መኖሩም እውነት ነው። ሁለቱን ለይቶ ያላነበበ ሰው ወይ ልጁን ይንቃል፣ ወይ ጉዳቱን ይሸፍናል።

የዘርፉ ሁለት ታላላቆች፣ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤና የሶቪየቱ ሌቭ ቪጎትስኪ፣ የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ፒያዤ የገዛ ልጆቹን ሳይቀር ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እየተከታተለ፣ ልጅ በእጁ እየነካና እየሞከረ ከአንድ የአስተሳሰብ እርከን ወደ ሌላው እንደሚሻገር አስተማረ። ቪጎትስኪ ደግሞ ልጅ ብቻውን የሚችለውና ከእርሱ የሚበልጥ ሰው ሲያግዘው የሚችለው የተለያየ መሆኑን፣ ዕድገትም የሚካሄደው በሁለቱ መካከል ባለው ስፍራ መሆኑን አስረዳ። ለእኛ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ። በአምባሰል እርሻውም፣ ፈትሉም፣ ዜማውም የሚለመደው ከሚያውቅ ሰው ጎን ተቀምጦ ነው።

የቪጎትስኪ ባልደረባ አሌክሳንደር ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ኡዝቤኪስታን ሄዶ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎችን ጠይቋል። በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ድብ ሁሉ ነጭ ነው፤ ይህ ቦታ በሩቅ ሰሜን ነው፤ ድቡ ምን ዓይነት ነው? ብዙዎቹ አገሩን ስላላየሁ ልናገር አልችልም፣ ያየውን ጠይቅ አሉት። ሉሪያ ይህን ረቂቅ አስተሳሰብ ያለመዳበር ምልክት አድርጎ ወሰደው። እኔ ግን መልሱን ሳነብ የወሎ ሽማግሌዎች ድምፅ ይሰማኛል። ባላዩት ነገር አለመመስከር እዚህ አገር ልጅ ገና ነፍስ ሲያውቅ የሚማረው ሥርዓት ነው። በኋላ እነ ማይክል ኮል በላይቤሪያ የሠሩት ሥራም ልዩነቱ በአብዛኛው ያን ዓይነት ጥያቄ ከመልመድ የመጣ መሆኑን፣ ጥቂት ዓመት ትምህርት ቤት የቆየ ሰው ጨዋታውን ወዲያው እንደሚይዘው አሳየ።

ከዚህ በኋላ የመጡት ጥናቶች የሚያስደስቱ ናቸው። ሮበርት ሰርፔል እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ሥራ የዛምቢያንና የእንግሊዝን ልጆች አንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲቀዱ አደረገ። በወረቀትና በእርሳስ እንግሊዞቹ በለጡ፤ ሽቦ ሲሰጣቸው የዛምቢያ ልጆች በለጡ፤ በጭቃ እኩል ሆኑ። የዛምቢያ ልጆች ሽቦ ጠምዝዘው መኪና ይሠራሉ፤ የእኛም ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ ይሠራሉ። በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ደግሞ እነ ተሬዚኛ ካራኸር እ.ኤ.አ. በ1985 መንገድ ዳር የሚሸጡ አምስት ልጆችን ፈተኑ። በገበያቸው ላይ ሲጠየቁ ሒሳቡን 98 በመቶ ትክክል መለሱ። ያው ስሌት ወረቀት ላይ በምልክት ተጽፎ ሲቀርብላቸው ግን 37 በመቶ ብቻ። አምስት ልጅ ብዙ አይደለም፤ ውጤቱን ያየ ሰው ግን ሐይቅ ገበያ ላይ ሎሚ የሚቆጥረው ልጅና ክፍል ውስጥ ቾክ ሲሰጡት የሚንቀጠቀጠው ልጅ አንድ መሆኑን ያስተውላል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ የእኛው ልጆች ላይ በእስራኤል የተሠራው ነው። በሙሴ ዘመቻ (እ.ኤ.አ. 1984–85) እና በሰሎሞን ዘመቻ (እ.ኤ.አ. 1991) በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ከገጠር ጎንደር ወጥተው በጥቂት ጊዜ ውስጥ እስራኤል ትምህርት ቤት ገቡ። ልጆቹ በተለመደው የአእምሮ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ስላመጡ ወደ ልዩ ትምህርት ክፍል የመላክ አደጋ ነበረባቸው። የእስራኤላዊው የሥነ ልቦና ሊቅ የሮይቨን ፎየርሽታይን ወገኖች የሆኑ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ገለበጡት፦ ልጁ ዛሬ የሚያውቀውን ትተን፣ ትንሽ ብናስተምረው ምን ያህል እንደሚራመድ ብንለካስ? ጹሪኤልና ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ የአንደኛ ክፍል ልጆች በመጀመሪያው ፈተና እስራኤል ከተወለዱት በግልጽ ዝቅ አሉ። የፈተናው አስተሳሰብ በአጭር ጊዜ ከተገለጸላቸው በኋላ ግን ልዩነቱ እጅግ ጠበበ። ጎድሎ የነበረው ፈተናውን መልመድ እንጂ ችሎታ አልነበረም። ይህ የቪጎትስኪ ሐሳብ በአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ ተፈትኖ ያለፈበት ነው፤ በየመምህራን ኮሌጃችን በመጀመሪያው ዓመት ሊሰጥ ይገባዋል።

መሣሪያውን ለአገር ልክ ማስተካከልም ይቻላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዴንቨር 2 የተባለውን የሕፃናት ዕድገት መመዘኛ ከ1,500 በላይ በሚሆኑ የጅማ ልጆች ላይ ሞክረው፣ ባህሉ የማያውቃቸውን ዕቃዎችና ጥያቄዎች ለውጠው አዘጋጅተዋል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ለስም የሚሆን ብዙ ዝና የለውም፤ ግን ሌላው ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ሐይቅ ስለ ትምህርትና አእምሮ ለሚጠይቅ ሰው የተለየ ስፍራ ናት። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቋቋሙት ትምህርት ቤት እነ ተክለ ሃይማኖትን ያፈራ ነው። በዚያው አካባቢ በየመንደሩ የቁርኣን ቤት አለ። አንዱ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳውን ጨርሶ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ዳዊት ያልፋል። ጎረቤቱ ሉሑን ታቅፎ ከአሊፍ ጀምሮ እየቀራ ይዘልቃል። ሁለቱም ጋ ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል።

እንዲህ ያለው ትምህርት አእምሮን ምን ያደርገዋል? ለዚህ የቀረበው ጥናት ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል በላይቤሪያ የቫይ ሕዝብ መካከል ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ነው። ቫዮች የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ቁርኣን ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹ በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ያልፋሉ። ውጤቱ የሁሉንም ወገን ግምት አረመ። ቁርኣን የቀሩት አንድን ዝርዝር ቃል በቃል እየጨመሩ በቅደም ተከተል በማስታወስ በለጡ። በትምህርት ቤት ያለፉት የመለሱትን ለምን እንደመለሱ በማስረዳት በለጡ። በአጠቃላይ «ማንበብ አእምሮን ይከፍታል» የሚለው ግን አልተገኘም፤ እያንዳንዱ ልምምድ የሚያጎለብተው የራሱን ክር ነው። ዳንኤል ዋግነርም በሞሮኮ ከቁርኣን ቤት በመጡ ሕፃናት ላይ ይህንኑ የቅደም ተከተል ትውስታ ብርታት አይቷል። ስለዚህ የቃል ትምህርትን «ሽምደዳ» ብሎ መናቅ ልክ አይደለም፤ ለሁሉም ይበቃል ማለትም ልክ አይደለም። የቅኔ ቤቱ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ተማሪው የሰማውን መድገም አይፈቀድለትም፤ በየቀኑ አዲስ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ማቅረብ አለበት። በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አእምሮ ላይ ይህ ምን እንደሚሠራ የሚመረምር ሰው ብርቅ ነገር ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሥራው እንመለስ፤ ልጅ በአምባሰል አብዛኛውን ቀኑን የሚያሳልፈው እዚያ ነውና። እረኝነት፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ታናሽን ማዘል። ዓለም አቀፉ ቋንቋ ብዙ ጊዜ ይህን ሁሉ በአንድ ስም «የልጆች ጉልበት» ይለዋል። የማኅበራዊ ዕድገት ጥናት ግን ለየት ያለ ነገር አይቷል። ካሮል ኤምበር እ.ኤ.አ. በ1973 በኬንያ ሉኦዎች መካከል፣ በቤት ውስጥ የሴት ልጅ ሥራ እየተባለ የሚታየውን፣ በተለይ ሕፃን መያዝን፣ የሚሠሩ ወንዶች ልጆች ከእኩዮቻቸው ይልቅ ሌላውን የሚረዱና ጠበኝነታቸው ያነሰ ሆነው አገኘች። ቶማስ ዋይስነርና ሮናልድ ጋሊሞር እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለምን ማኅበረሰቦች አሰባስበው ሲያዩ፣ በብዙው ዓለም ሕፃን የሚያድገው በእናቱ ብቻ ሳይሆን በታላላቆቹ እጅ መሆኑን አሳዩ። የጀርመን ተመራማሪዎች በካሜሩን የንሶ ገበሬዎች ልጆችን፣ ጣፋጭ ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ቢታገሡ ሁለተኛ እንደሚጨመርላቸው ነገሯቸው። ከአራት ዓመቶቹ የንሶ ልጆች ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ታገሡ፤ ከጀርመኖቹ 28 በመቶ። ታላቅ ሳይነሣ እጁን ወደ ማዕድ የማይሰድ የወሎ ልጅ ቢፈተን ውጤቱ አይገርመኝም።

ይህን የሚያነብ ሰው እረኝነትን ማወደስ ከጀመረ ግን ያንግ ላይቭስን ያንብብ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ይህ ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ልጆችን ሲከታተል ኖሯል። 3,000ዎቹ የእኛ ናቸው፤ አማራን ጨምሮ ከ20 ሥፍራዎች የተመረጡ። 1,000ዎቹ በ1994–95፣ 2,000ዎቹ በ2001–02 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ናቸው። በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጣሰው ወልደሃና ለዓመታት ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ስለ ወሎ ሠፋሪዎች በጻፈው መጽሐፍ የምናውቀው አሉላ ፓንክኸርስት ደግሞ የልጆቹን የገዛ ቃል በመሰብሰብ ሠርቷል። በዚያ ቃል ውስጥ ልጆቹ ሥራን አይጠሉትም። ቤተሰብ መርዳት ያኮራቸዋል፤ ሙያ ያገኙበታል። የሚያማርሩት ሥራው ከትምህርት ሰዓት ጋር ሲጋጭ፣ ሲከብድና ሲያሳምም ነው። ልጆቹ ራሳቸው ያሰመሩት ይህ መስመር ከብዙ መመሪያ የጠራ ነው።

ያንግ ላይቭስ ሌላም ነገር አምጥቷል። በአንድ ዓመታቸው ቀንጭረው የነበሩና እስከ ስምንት ዓመታቸው ቁመታቸው ያገገመ ልጆች፣ ሳያገግሙ ከቀሩት ይልቅ በፈተና የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። የመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት ካለፉ በሩ ተዘጋ የሚለው አስተሳሰብ እንግዲህ ተሸራርፏል። ለአማራ ክልል ይህ ትልቅ ወሬ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የክልሉ ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ሲሆን።

ወሎ ስለ ረኃብ ለመናገር የማንንም ጥናት አይጠብቅም። ሆኖም የ1977 ዓ.ም. ረኃብ በተረፉት ልጆች ላይ የተወውን ምልክት የለኩት ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር ናቸው። በሰሜን ወሎ ላሊበላ አጠገብ ያለችውን ሹምሸሃን ጨምሮ ከተለያዩ የገጠር ቀበሌዎች በተሰበሰበ መረጃ፣ ረኃቡ በከፋበት ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ የነበራቸው ሲያድጉ ከታላላቆቻቸው ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። አንደኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸውም አነስተኛ ሆነ። እናቶቻቸው ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር በነበሩ ልጆች ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። አምስት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ነው ይባል ይሆናል፤ በውስጡ ያለው ግን የሁለት ክረምት ምግብ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው ከጃማይካ የመጣው መልስ እስካሁን አልተሻረም። ሳሊ ግራንትሃም ማክግሬጎር በኪንግስተን ድሃ ሠፈሮች 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን መርጣ፣ ለከፊሎቹ በየሳምንቱ የጤና ረዳት ቤታቸው እየሄደች ከእናትየዋ ጋር በቤት ውስጥ በተሠራ መጫወቻ እንድታጫውት አደረገች። ለሁለት ዓመት ብቻ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ካልተጎበኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። ተጨማሪ ምግብ ብቻ የተሰጣቸው ላይ ይህን የመሰለ ዘላቂ ውጤት አልታየም። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ላላት አገር፣ ለዚህ የሚሆነው ሰው አስቀድሞ ተቀጥሯል።

አሁን ስለ ማኅበራዊው አእምሮ። ሐይቅና አምባሰል የሙስሊሙና የክርስቲያኑ አገር ናቸው፤ አንዳንዴም የአንድ ቤተሰብ። የግሸን ማርያም ንግሥ ዕለት መንገዱን የሚያሳልፍ ሙስሊም ልጅ አለ፤ የዒድ ዕለት ጎረቤት ቤት የሚላክ ክርስቲያን ልጅ አለ። ልጁ ሥጋው የማን እጅ ያረደው እንደሆነ፣ ለማን የትኛው ድስት እንደሚቀርብ፣ ለማን ምን ተብሎ ሰላምታ እንደሚሰጥ ትምህርት ቤት ሳይገባ ይለያል። ሌላው ሰው እኔ የማላምነውን ያምናል፣ በዚያም ተመርቶ ይሠራል ብሎ መረዳት በሥነ ልቦና ትልቅ ጉዳይ ነው። ሄንሪ ዌልማንና ባልደረቦቹ ልጆች ይህን የሚይዙበት ቅደም ተከተል በሁሉም አገር አንድ አለመሆኑን አሳይተዋል። የቻይናና የኢራን ልጆች የማወቅና ያለማወቅን ልዩነት ቀድመው ይይዛሉ፤ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ልጆች የሐሳብን መለያየት ቀድመው። ሁለት እምነት ባለበት ግቢ ያደገ የሐይቅ ልጅ በየትኛው መንገድ ይሄዳል? እኔ የሐሳብን መለያየት ቀድሞ የሚይዝ ይመስለኛል፤ ግምት ነው፤ መለካት ግን የሚቻል ግምት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሙከራ ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል። ርብቃ ቢግለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 ልጆችን ሰማያዊና ቢጫ ቲሸርት አልብሰው ለሳምንታት አቆዩ። መምህራኑ ቀለሙን ችላ ባሉበት ክፍል ልጆቹም ችላ አሉት። መምህራኑ በቀለሙ ባሰለፉበት፣ በቀለሙ ባስቀመጡበትና በጠሩበት ክፍል ግን ልጆቹ የራሳቸውን ቡድን ማስበለጥ ጀመሩ። ልዩነት መታየቱ ብቻ አይጎዳም፤ ታላላቆች በልዩነቱ ሥራ ሲሠሩበት ነው ልጅ የሚማረው። ወሎ ይህን በልምድ ሲያውቀው ኖሯል። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት በብሔር ስም ሲጠራ ያደገ ትውልድ ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

ስለ ጉርምስና ጥቂት ልበል። ሎረንስ ስታይንበርግ ኬንያን ጨምሮ በ11 አገሮች ባደረገው ጥናት፣ አዲስ ነገርና አደጋ የመሻት ፍላጎት በ19 ዓመት ገደማ ጣሪያ ሲነካ፣ ራስን የመግዛት አቅም እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ማደጉን ይቀጥላል። ይህ ለሁሉም አገር የሚሠራ ይመስላል። የሚለያየው ኅብረተሰቡ በዚያ ዕድሜ የሚጭነው ነው። ከደቡብ ወሎ በርካታ ልጃገረዶች ፓስፖርታቸው ላይ ዕድሜ ተጨምሮላቸው ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። ገና በራሷ መወሰን እየለመደች ያለች ልጅ የአንድን ሙሉ ቤተሰብ ዕዳ ተሸክማ በሰው አገር ኩሽና ውስጥ ትጎለምሳለች። ያለዕድሜ ጋብቻም አለ፤ በዚያው የ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ከነበሩት የአማራ ክልል ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 17 ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ። ፖፑሌሽን ካውንስል በዚሁ ክልል በሞሰቦ የሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ልጃገረዶች ጋብቻ እጅግ ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን በጥናቱ መጨረሻ ያገቡት በዝተው ተገኙ። ጋብቻው ተራዘመ እንጂ አልቀረም ማለት ነው። ሪፖርት አቅራቢዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያነሣሉ፤ ሁለተኛው ነው የሚያስተምረው፤ ልጅቷ 15 ስትሞላ የሚጠብቃት ትምህርት ወይም ሥራ ከሌለ የተገኘው ጊዜ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ደቡብ ወሎ ገብቶ ውጫሌን፣ ሐይቅንና ደሴን ያዘ። ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፤ ሰው ሕፃን አዝሎ ተሰደደ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤት እንደገና ተዘጋ። ጦርነት ረኃብ አይደለም፤ የደርኮንና የፖርተር ውጤት እንዳለ አይገለበጥም። ነገር ግን ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲገባ ከሦስት ዓመት በታች የነበሩት ልጆች አሁን የዜሮ ክፍልና የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ዕድሜ ላይ ናቸው። በስም ይታወቃሉ፤ የክትባት ካርድ አላቸው፤ ታላላቅ ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ለንጽጽር አሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከሐይቅ በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ደሴ ላይ ተቀምጧል። ጅማ መመዘኛን ለአገር ልክ ማስተካከል እንደሚቻል አሳይታለች። ልጆቹን ከቁመታቸውና ከቃላታቸው ጋር በሽቦና በጭቃ፣ በገበያ ሒሳብና በእንቆቅልሽ፣ ከማስተማር በፊትና በኋላ መመዘን ይቻላል። በያንግ ላይቭስ ያገገሙት ልጆች ያገገሙት እስከ ስምንት ዓመታቸው ባለው ጊዜ ነው፤ ከእነዚህ መካከል ትልቆቹ ወደዚያ እየተጠጉ ነው።